በስምሽ ያሰርኩት ኮኮናት

ለውድ ልጄ ለሊበርታ፣ በሄድሽበት ሁሉ እግዚአብሔር ይቅደምልሽ፤ የሰው አገር እንጀራ ይስማማሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጣራውም ማፍሰሱን አቁሟል።

የአባትሽ ወንድም ቦኔፋስ ግን አንገሽግሾኛል። የጎሳውን የባሕር ዳርቻ መሬት ከከተማ ለመጣ ሰውዬ ሸጠው፤ ሆቴል ሊሠራበት ነው አሉ። ትናንት ሰውዬውንና መጋዝ የያዙ ቆራጮችን አስከትሎ መጣና፣ ስትወለጂ እትብትሽን ቀብሬ የተከልኩትን ኮኮናት በጫማው እየጠቆመ «ይሄ ባሕሩን ይጋርዳል፣ ዛሬውኑ ይቆረጣል» አለው። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «እትዬ፣ አንቺም እኮ ሆቴሉ ውስጥ ፎጣ እያጠብሽ ትኖሪያለሽ!» ብሎ ሳቀ። የያዝኩትን የካሳቫ ቂጣ አስቀምጬ ተነሳሁ።

«መሬቱ የጎሳው ነው፣ ዛፉ ግን የተከለው ሰው ንብረት ነው። አንተ የማን ልጅ ሆነህ ነው ይሄ የጠፋህ?» አልኩት። ከዚያ ለጋ የኮኮናት ቅጠል አምጥቼ ግንዱ ላይ በስምሽ አሰርኩ። በስሙ የታሰረለት ሰው ካልፈታው በቀር ማንም እንደማይነካው ታውቂያለሽ። ሰውዬው «ቅጠል እኮ ነው!» አለ። ቆራጮቹ ግን የመንደራችን ልጆች ናቸውና መጋዛቸውን ተሸክመው ወደየቤታቸው ሄዱ። የቦኔፋስ ፊት አመድ መሰለ።

እንግዲህ ሊያባብልሽ መደወሉ አይቀርም፤ ሲፈልግ ምላሱ ማር ነው። ማርያም ከእንዲህ ያለ ዘመድ ትሰውርሽ፣ ዕድሜሽን ታርዝመው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ በስልክ አይፈታም በይው። የሚፈታው መጥተሽ በእጅሽ ነው፤ እኔም በዚያው ዓይንሽን ልየው።

እናትሽ