የማታለቅሰው ልጅ

ለልጄ ለሠረቀብርሃን፣ ስዊድን አገር።

የእንጦጦዋ ማርያም በምትሄድበት ሁሉ ትቅደምልህ፤ የሰው አገር ብርድ አይንካህ። እኛ ደህና ነን። የሐምሌ ዝናብ ቁልቁል የሚያወርደውን መንገድ አበላሽቶታል።

እህትህ ለተጊዮርጊስ፣ ሴት ልጅ ተገላግላለች። ሕፃኗን እንደ ወጋችን ቅቤ አቀመስናት፤ ዋጠች። ግን ከተወለደች ጀምሮ አንድም ቀን አላለቀሰችም። እህትህ፣ «እማዬ፣ ጨዋ ልጅ ናት እኮ» ትለኛለች።

እኔ ግን የጻፍክልኝ ትዝ አለኝ። እዚያ በምትማርበት ቤት ለምርመራ ዓይናቸውን ያልገለጡ የአይጥ ልጆችን መድኃኒት ስትወጋቸው፣ የአንጎላቸው ቅመም ተለውጦ እናታቸውን መጥራት ይተዋሉ ብለኸኝ ነበር።

ትናንት ጓዳ ውስጥ፣ ከእህሉ ጆንያ ሥር፣ አይጥ ወልዳ አገኘሁ። ልጆቿን በእንጨት ብነካቸው አንዱም ሲጥ አላለም። ቀና ብዬ ባይ፣ ሕፃኗ ከእናቷ ክንድ ላይ ሆና ፊቷን ወደ ጓዳው አዙራለች። እነዚያም የአይጥ ልጆች ዓይናቸው ሳይገለጥ ወደ እሷ ዞረዋል።

የተማርክ ነህና ትስቅብኝ ይሆናል። ሳቅ፣ ዕድሜ ይስጥህ። ብቻ ልጄ፣ አንድ ቀን መርፌውን አሳርፈው፤ ቀኑንም አስቀድመህ ጻፍልኝ። ያን ቀን ሕፃኗ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ታለቅስ እንደሆነ አዳምጣለሁ።

እናትህ የሺመቤት
ሐምሌ ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.