ስለ እማማ ፀሐይነሽ አባት ያስጠየቅሁዎት ነገር

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ውድነሽ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎን ተሻለዎት ወይስ ያው እንደ ክረምቱ ነው? የደብረ ሲና ጉምስ ገለጥ አለ? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ሰውነቴ ደኅና ነው፤ ኤርፖርት ዊልቸር ስገፋ የወጠምሻ ክንድ አውጥቻለሁ። ልቤ ግን ደኅና አይደለም። ስልኩን ትቼ ይህን ወረቀት ወደ አገር ለሚገቡት ለጋሽ ባሕሩ የሰጠሁት ለዚህ ነው። እርስዎ እንደሆኑ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ነው የሚያወሩኝ፤ ሰፈሩ በሙሉ አብሮ ሰላም ይለኛል።

እንደሚያውቁት ሊዑል ልጄን ሔርሜላን ሊያገባ በነሐሴ ሽማግሌ ልኮ ነበር። እኔም እንደ ወጉ ቀጠሮ ሰጥቼ፣ እዚሁ እኛ ከተማ የምትኖረው እናቱ አፀደ የዚያው የደብረ ሲና ልጅ ናትና፣ ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ያጣሩልኝ ብዬ አስቸገርኩዎት። እርስዎም እድሩን ጠይቀው፣ ሁሉ ደኅና ነው፣ የአፀደ እናት የእማማ ፀሐይነሽ አባት ብቻ ጣርማበር ላይ መንገዱ ሲቆፈር የጣልያን አስተርጓሚ ነበሩ አሉኝ። እሷን ወሬ ይዤ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ፣ ገና ወንበሩ ሳይሞቃቸው፣ ከባንዳ ዘር አልዛመድም አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ሔርሜላ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ ማሚ፣ አልተገዛንም አልተገዛንም ትላላችሁ፤ ታዲያ እስካሁን ሠርግ አፕሩቭ የሚያደርገው ጣልያን ነው እንዴ አለችኝ። ልብሷን በፌስታል ይዛ ጓደኛዋ ዘንድ ሄደች። ከኋላዋ ስድ ብዬ ጮኽኩባት።

እውነቴን ልንገርዎት እትዬ፣ ቃሉ አፌ ላይ የቀለለኝ ስለለመድኩት ነው። እዚህ ሃቫና ስትሪት ማኅበራችን አመራር ሲመርጥ ግማሹ ግማሹን ባንዳ ይላል። መንግሥትን የደገፈም ባንዳ፣ የተቃወመም ባንዳ። የሥራ ባልደረባዬ አረጋሽማ ንግግር አሳጥሩ ስላለች ብቻ ባንዳ ተብላለች። ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ስድቡን ግን እኛ እንደ እናት ጌጥ ሸክፈን አሜሪካ ድረስ ይዘነው መጣን።

ባለፈው ሳምንት አፀደ ደወለች። ትሰድበኛለች ስል ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። እናቷ ከቤት መውጣት ትተዋል። ያቺ ጥያቄያችን ከሰው ሰው ዞራ፣ የሰፈር ልጆች በአጥራቸው ሥር ሲያልፉ የባንዳ ልጅ እያሉ ይጮኹባቸዋል። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራቸው ሆኖ ሳለ፣ ማን ቤቴ ይገባል ብለው ጠላም አልጠነሰሱ። በልጅነታቸው ውኃ ሲቀዱ እንዲሁ ይባሉ ነበር አሉ። ተረስቶላቸው፣ ወልደው ከብደው፣ በሰማንያ ዓመታቸው እኔ ቀሰቀስኩባቸው። አባታቸው ምን እንዳስተረጎሙ እኔ ምን አውቄ? ሰው አስገርፈውም ይሆናል። እሳቸው ግን ያኔ ጡት ይጠቡ ነበር እትዬ።

በእርስዎ አልፈርድም፤ የላክሁዎት እኔ ነኝ። አሁንም መልሼ ልልክዎት ነው። ማኅበርተኛ ነዎትና ዛሬውኑ ሰው እያየ ይሂዱላቸው፤ ጠላውን አብረው ይጥመቁ። ያኔ ስለ ዘራቸው ለጠየቋቸው ሰዎች ሁሉ፣ ያጠፋችው እህቴ ናት ይበሉ። የሚካኤል ዕለትም ማንም ሳይቀድምዎት ይግቡ።

እኔም የሴት ወገን ሽማግሌ ሲልክ ታይቶ ባይታወቅም፣ ቅዳሜ ፒዮሪያ ስትሪት አፀደ ቤት ሽማግሌ ልኬ ይቅርታ አስጠይቃለሁ። አረጋሽ ሰምታ፣ እንግዲያው ጥሎሹንም አንቺው ጣይ ብላ ሳቀችብኝ። አፀደ በር ላይ ብትመልሳቸውም አልቀየማትም። ሔርሜላ ስደውል ታነሳለች፤ ሃይ ማሚ ትልና ስልኩን ትዘጋለች።

ለባለቤትዎ ለጋሽ ጥሩሰው አክብሮቴን ያድርሱልኝ። ኢሳይያስን ጉንጩን ይሳሙልኝ፤ የላክሁለት ጫማ ጋሽ ባሕሩ ዘንድ ነው። ትንሿን ሩቲን እቅፍ ያድርጉልኝ። ለእማማ ፀሐይነሽ ግን ሰላም ይበሉልኝ ለማለት አፍ የለኝም። እርስዎ ብቻ ይግቡላቸው፤ ተቀመጪ ካሉዎት፣ ያን ጊዜ ስሜን ያንሱ።

እህትዎ እታለም
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት ፲፯ ቀን ፳፻፲ ዓ.ም.