ፓሶፕ አንቺን ያየ መስሎት

ጉድሩንዬ፣

ዛሬ ሴንያ ደሴት ላይ ዓሣ ልገዛ አልጋ ያላትን መኪናችንን እንዳቆምኩ፣ እንዳንቺ ቀይ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ሴት ከሱቁ ወጣች። ውሻሽ ፓሶፕ በመስኮት ዘሎ ጭራውን እየቆላ ተከተላት። ፊቷን ሲያይ ግን መንገዱ መሃል ቁጭ አለ።

«ማንን ፈልገህ ነው የኔ ጌታ?» አለችው።

«እመቤቱን ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ ቤት ቀርታለች» አልኳት።

ደረቅ ዓሣ ብትሰጠው እንኳ አልነካላትም። እኔስ ብትይ፣ ስምሽን ልጠራ አፌን ከፍቼ ነበር! ዝናቡ የከተማችንን የበርገንን ይመስላል፤ «ዛሬም?» ብለሽ የምትስቂው አንቺ ግን የለሽም። ያሰብነው የሰሜኑ ጫፍ የትም አይሄድ፤ ስትድኚ አብረን እናየዋለን። መኪናዋን ወደ ደቡብ፣ ወደ ቤት አዙሬያታለሁ። ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ የሚያስታምምሽን ወንድምሽን ሳሚልኝ። መጣንልሽ።

ቶርዲስ