የጾም ቅዳሴና የስምንት ሰዓት ፕሮግራም

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1975 ዓ.ም.

«አስጎብኚው ረቡዕ ዕለት የውጭ እንግዶችን እንጦጦ ማርያም ደጅ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል በማቆም ቸልተኝነት ስላሳዩ፣ ከእንጦጦ ጉብኝት ታግደዋል።»

በአስጎብኚነት የምሠራበት የጉዞ ድርጅት ዛሬ የሰጠኝ ደብዳቤ ቃል በቃል ይህ ነው። በጾም ቅዳሴው ከቀትር በኋላ እንደሆነ ለፕሮግራም ኃላፊው ሰኞ ነግሬው ነበር።

«አይ ጋሼ፣ የመንግሥት እንግዶች ናቸው፤ ቄሶቹ ያሳጥሩታል» ብሎ ሳቀ።

ረቡዕ በስምንት ሰዓት ስንደርስ ቅዳሴ ገብቷል። በር ላይ የቆሙት አባት «የተማሩ ሰው ነዎት፤ ጾም መሆኑ ጠፋዎት?» አሉኝ። በእንግዶቹ ፊት አፈርኩ። ሰዓቱን የመረጠው ሌላ ነው ብዬ ድርጅቱን አላሳጣሁም። ዘጠኝ ዓመት በተመላለስኩበት ዳገት ላይ፣ ያ ዝምታዬ አሁን ጥፋት ሆኖ ተጻፈብኝ።

መልሴን ዛሬውኑ ጻፍኩ። የመጨረሻው መስመር፦ «የስምንት ሰዓቱን ፕሮግራም ያወጣው ማን እንደሆነ እስከ ታኅሣሥ 12 በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»