የእንጆሪ ደሴት በሴኔት

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ዛሬ ቅበላ። ባለቤቴ ማላኪ ደብሊን ነውና ለአንድ ሰው የቅበላ ፓንኬክ መጋገር ትርጉም አልነበረውም። ሆኖም ሥርዓት ሥርዓት ነው... ሁለት ጋገርኩ።

ከሰዓት በኋላ የሴኔቱን ስብሰባ እንደ ወትሮዬ በኮምፒውተር ተከታተልኩ። የማላኪ ከረባት ተጣሟል። ባለቤቴ ሴናተር ከሆነ ጀምሮ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ የተወለደበት የኢኒሽ ኪር ደሴት ትምህርት ቤት አይዘጋ። ስድስት ልጆች ይማሩበታል። እኔም መምህርነትን አሐዱ ያልኩት እዚያው ነው። ስለዚህ ንግግሩ ስንት ጊዜ ቢደገም አይሰለቸኝም። ግስ መሳሳቱ ነው የሚያንገበግበኝ። ዛሬም ተሳሳተ። እርማቱን ጻፍኩለት።

ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ሳለ ያቺ የሊመሪክ ሴት፣ ሴናተር ፊደልማ ቱሂ፣ ከመንግሥት ወገን ወንበር ሆና አቋረጠችው። "ደሴቱ ዛሬም አልሰመጠም እንዴ?" ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ማላኪም አብሮ ሳቀ!

እንዲህ ያለው ነገር በቃለ ጉባኤው ላይ "ጣልቃ የገባ ድምፅ" ተብሎ በቅንፍ ይሰፍራል፤ ስም አይሰጠውም። ተገቢ ነው። ተራውን መጠበቅ የተሳነው ሰው ስሙ ቢጻፍ ምን ክብር ይሆነዋል?

ማታ ሲደውል ስለ ግሱም፣ ስለ ሴትዮዋም ነገርኩት። "ኡና፣ እሷ ካላቋረጠችኝ እኮ ንግግሬ ጨው የለውም" አለኝ። ዕድሜ ልክ መነካከስ... ይህ ወዳጅነት ይባላል?

ረቡዕ፣ ማርች 5

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ግንባሬን ዐመድ ተቀባሁ። ጾም ገባ። ማላኪ ከጣፋጭ ሁሉ እንደሚታቀብ በስልክ ማለልኝ። አላመንኩትም።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ማላኪ ከምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀ። ልቡ ነው።

የደወለችልኝ ፊደልማ ቱሂ ናት። "ወይዘሮ ዴቨኒ፣ በሕይወት አለ። መጀመሪያ ይህን ይስሙ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አላስታውስም። ነገር ግን የቃሏን ቅደም ተከተል ልብ ብያለሁ... "ወደቀ" ከማለቷ በፊት "አለ" አለች።

ይህን የምጽፈው ከዶኔጋል ወደ ደብሊን በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ነው። መንገዱ ይንጠኛል። መቁጠሪያዬን ይዣለሁ። ንጹሕ ፒጃማ ግን ረሳሁ።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ፊቱ ከሆስፒታሉ አንሶላ አይለይም። ሲነቃ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ስሜ ይሆናል ብዬ ነበር... "ረቡዕ" ነው ያለው።

ረቡዕ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ነው። ሕጉ ከጸደቀ ልጆቻቸው ያነሱ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፤ የኢኒሽ ኪር ልጆች በክረምት ማዕበል በጀልባ ሊመላለሱ ነው። ማላኪ "ሕጉ ደሴቶችን አይመለከትም" የሚል ማሻሻያ አስገብቷል። የማሻሻያው ውጤት በአንድ ሰው እንደሚለይ ሁሉም ያውቃል። የእሱ ወንበር ባዶ ከሆነ ድምፁ እኩል ይወጣል፤ እኩል ከወጣ ደግሞ የሚለየው አፈ ጉባኤው ነው፤ አፈ ጉባኤውም የመንግሥት ሰው ነው። ሐኪሟ ግን ከአልጋው እንዳይንቀሳቀስ በጥብቅ ከለከለች። እኔም ከለከልኩ።

ፊደልማ ቱሂ ወይን ይዛ መጣች፤ ቁጭ ብላም ራሷ በላችው። "አንተ ሽማግሌ፣ ከእኔ ለማምለጥ ብለህ ይህን ሁሉ?" አለችው። ሲስቅ ልቡን የሚከታተለው መሣሪያ ጮኸ። ገረመምኳት። ወይኑን አስቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ረቡዕ አንተ ከተኛህ እኔም እቀመጣለሁ። አልመርጥም።"

ማጣመድ ይሉታል። ከአንዱ ወገን ሰው ሲታመም ከሌላው ወገን አንዱ ድምፁን ይይዝለታል። ይህ ግን የሚሆነው የፓርቲው ተጠሪ ሲፈቅድ ነው። ፈቅዶልዎታል ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

"አልጠየቅሁትም፣ ወይዘሮ ዴቨኒ።"

ሳይጻፍ፣ ከእኔ በቀር ምስክር ሳይኖር፣ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። እሱ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። እኔን አልወሰደኝም።

እሑድ፣ ማርች 9

ቅዳሴ ላይ ሐሳቤ ተበተነ። ጉባኤን መቀለጃ ያደረገች ሴት ቃሏን ትጠብቃለች?

በሴኔታችን ድምፅ ሲሰጥ "ታ" ወይም "ኒል" ነው። በአይሪሽ "አለ" ወይም "የለም" እንደ ማለት። ቋንቋችን "አዎ" የሚል ቃል አልተፈጠረለትም፤ የተጠየቀ ሰው ግሱን ራሱን መልሶ ይናገራል። "መጣህ?" "መጣሁ።" ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህን ነበር... "አዎ" ብሎ ማድበስበስ ይቻላል። ግሱን በገዛ አፍህ ስትመልስ ግን ቃሉ የአንተ ሆነ፣ ትሸከመዋለህ።

ሴትዮዋ "እቀመጣለሁ" ነው ያለችው። እናያለን።

ረቡዕ፣ ማርች 12

ሂጂና እዪልኝ ብሎ ማላኪ ስለለመነኝ ሄድኩ። ለእንግዶች በተለየው ሰገነት ላይ ተቀመጥኩ። እንግዳ መናገር፣ ማጨብጨብ፣ መሳቅም ቢሆን አይፈቀድለትም። ደግ ሥርዓት ነው።

ሚኒስትሩ በለሰለሰ አንደበት ተናገረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእነዚያ ደሴቶች ላይ የሚቀሩት በጎች ብቻ እንደሚሆኑ፣ ለበግ ደግሞ አስተማሪ እንደማይቀጠር... አንዳንዱ ሳቀለት።

ፊደልማ ተነሣች። የአይሪሽ ሳምንት በመሆኑ ሁሉም እንደ አቅሙ ጥቂት ቃል በአይሪሽ ይሞክራል። እሷም ለማላኪ ክብር ስትል ሞከረች። ምነው ባልሞከረች! "የኢኒሽ ኪራኽ ልጆች..." ብላ ጀመረች።

ኪር እንጆሪ ነው። ኪራኽ በጎች። በአንዲት ቅጥያ የእንጆሪ ደሴት የበጎች ደሴት ሆነ። አይሪሽ የሚያውቁት መሳቅ ጀመሩ፤ የማያውቁት ተከተሉ፤ ሚኒስትሩ ጠረጴዛውን መታ። እሷ ምን እንደተናገረች አልገባትም። በያዘችው ወረቀት ላይ ዐይኗ ሲንከራተት አየሁ... ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪ መሰለችኝ።

ተነሥቼ ቆሜ ኖሯል።

"ኪር ነው የሚባለው፤ ኪራኽ አይደለም። በጎች አይደሉም፣ ልጆች ናቸው፤ ስማቸውን ልጠራላችሁ እችላለሁ።"

በክፍል ውስጥ ድምፄ ነው የተናገርኩት። ሳቁ ወዲያው ቆመ። አፈ ጉባኤው ደወሉን ደወለ። አስተናባሪው መጥቶ ከአጠገቤ ቆመና "እሜቴ፣ ከደገሙት አስወጣዎታለሁ" አለኝ። ይገባል አልኩት። ተቀመጥኩ።

ፊደልማ ወደ ላይ አየችኝ። "እርማቱን ተቀብያለሁ፣ አፈ ጉባኤ" አለች። ወረቀቷን አጣጠፈች። "ሴናተር ዴቨኒ ቢኖር ኖሮ አሁን የሚለንን እኔ ልበልላችሁ።"

ከዚያም የማላኪን ንግግር አለችው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በቃሏ። ስታቋርጠው የኖረችው ሴት አንድም ቃል አላመለጣትም ነበር። የማክሰኞውን የግስ ስሕተት እንኳ አልተወችም... ያን ስሕተት ስሰማ ነው ዕንባዬ የመጣው። የሳቀ አልነበረም።

የድምፁ ደወል ተደወለ። የፓርቲዋ ተጠሪ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ተናገረ። ደግሞ ተናገረ። እሷ ከቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር መፈለግ ጀመረች፤ ድምፅ መስጫው እስኪዘጋ ድረስም አላገኘችውም።

በማሻሻያው ላይ "ታ" በአንድ ድምፅ በለጠ።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ፊደልማን ፓርቲዋ ከኮሚቴዋ አነሣት። በእኛ ምክንያት ነውና አዝናለሁ አልኳት። "ድሮም እንቅልፌን የምጨርሰው እዚያ ነበር" አለችኝ።

ሰኞ፣ ማርች 17

የቅዱስ ፓትሪክ ቀን። ማላኪ ከአልጋው ወርዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ፒጃማው ላይ የበዓሉን ምልክት፣ የሻምሮክ ቅጠል፣ ሰካሁለት። ዘንድሮ እንደማይወዳደር ነገረኝ። ከአሁን በኋላ የሚናገረው ለእኔ ብቻ ነው ማለት ነው... እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጠኝ።

ፊደልማ የረቡዕን ቃለ ጉባኤ አትማ አመጣችለት። ለፋሲካ ዶኔጋል መጥተሽ ከእኛ ጋር ዋዪ አልኳት። "አንቺ" ማለቴን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው። እሷ ወዲያው ሳታስተውለው አልቀረችም።

ማላኪ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። የገዛ ንግግሩን በእሷ ስም ታትሞ ሲያገኘው ጣቱን ስሟ ላይ አኖረ። ግሱ ታርሟል፤ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊዎቹ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ደሴቲቱም በትክክል "ኪር" ተብላለች። ከበላይዋ አንድ መስመር በቅንፍ አለ። ጣልቃ የገባ ድምፅ።

መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ፊደልማን አየ። እሷ የመስኮቱን መጋረጃ ታስተካክል ጀመር። ዞሮ እኔን አየኝ።

"ኡና... አንቺ ነበርሽ?"

ስም የለበትም። ማንም ሊያውቅ አይችልም። በቋንቋችን ደግሞ "አዎ" የሚባል መሸሸጊያ የለም።

"ነበርኩ" አልኩት።