ዶሃ ላይ ድንጋይ ያሸከሙት የወይዘሮ ፍቅርተ ወልዴ የሕይወት ታሪክ

እህቴ ወይዘሮ ፍቅርተ ከአባታቸው ከአቶ ወልዴ ሸዋዬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርሃስ ገብሩ በ1960 ዓ.ም. ፍቼ ከተማ ተወለዱ። ሲወለዱ ሰፈሩን በልቅሶ እንደቀሰቀሱ እናታችን ይናገሩ ነበር። ከዚያም ወዲህ ድምፅ መቀነስ አልሆነላቸውም።

ትምህርታቸውን በዚያው በፍቼ አጠናቀው በ1990 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ዶሃ አቀኑ። መጀመሪያ የገቡት ሰው ቤት ነው፤ እዚያ ቤት አዛዡ ማን እንደነበር ግን አሠሪዎቻቸው ማዳምም ባባም በውል የለዩት አይመስለኝም። በ1995 ዓ.ም. ከአቶ አንተነህ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ልጃቸውን ቤዛዊትን ወለዱ። ኋላም ኦልድ ኤርፖርት በሚባለው ሰፈር በሚገኝ ምግብ ቤት የወጥ ቤት ኃላፊ ሆኑ።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት፣ እኔም ዶሃ አብሬያቸው ስኖር፣ የጎረቤታችን ልጅ ናቲ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ አል ሙንተዛህ ሰፈር ካለ ሽቶ ቤት አንድ ጠርሙስ ኪሱ ከተተ። ምን ያደርጋል፣ በሩ ጋ ሳይደርስ ክዳኑ ለቀቀና ሽታው አሳበቀበት! በእናቱ ዋስትና ለጊዜው ቢለቀቅም፣ ባለሱቁ አቤቱታቸውን ካላነሱ ማቆያ እንደሚገባ ፖሊስ ነገረን። ባለሱቁ አቶ አብዱልመሊክ ደግሞ ኸላስ፣ አበቃ፣ ሕግ ይፍረደው ብለው ስልኩን ዘጉ። እህቴ ግን ሽቶ ሰርቆ የገባ ልጅ ሌላ ሙያ ተምሮ ይወጣል ብለው አሻፈረኝ አሉ።

በማግስቱ ባለቤታቸውን በሐምሌ ሙቀት ጋቢ አልብሰው፣ አረብኛ አጥርተው የሚያውቁትን ያገራችንን ሰው ኢንጂነር ቀልቤሳን ከቢሮ አስጠርተው ለሽምግልና ተነሡ። በአገራችን ወግ አጥፊ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ዶሃ ድንጋይ ከየት ይምጣ? እህቴ ከአንድ ሕንፃ የአበባ መደብ ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ ብድግ አድርገው ናቲን አሸከሙት።

አቶ አብዱልመሊክ በመስታወቱ ቢያዩ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ድንጋይ የያዘ ሌባ፣ ከፊት ደግሞ እህቴ! በሩን ቆለፉ። ከኋላችን የሕንፃው ጥበቃ ድንጋዩን መልሱ እያለ ደረሰ። ለሽቶ ልናስታርቅ ሄደን በድንጋይ ሌብነት ልንያዝ! የእህቴ አረብኛ የወጥ ቤት አረብኛ ነውና፣ ልጁ ገና ጥሬ ነው፣ እሳት አይብዛበት እያሉ በመስታወቱ በኩል ጮኹ። ኢንጂነሩ ወጉን ሲያስረዱ ባለሱቁ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ወጥተውም ጥበቃውን የለመኑልን እሳቸው ናቸው። አቤቱታቸውን አነሡ፤ ናቲ ግን ክረምቱን ሙሉ ሱቁን እንዲያጸዳ ፈረዱበት።

ከዚያ ወዲህ በትንሽ ጥፋት የተያዘ የሐበሻ ልጅ ሁሉ ከስሙ በፊት የእህቴን ስልክ ቁጥር ይናገር ጀመር። እሳቸውም ጣቢያ ድረስ ሄደው ይለምናሉ፤ ግድግዳ የሞነጫጨረውን ቀለም ያስቀቡታል፣ የሰው ሳይክል ሳያስፈቅድ የነዳውን የባለሳይክሉን ደጅ ያስጠኑታል። አንዱማ ቁጣቸውን ሰምቶ እስር ይሻለኛል ብሎ ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው እዚያው ዶሃ አረፉ። ናቲ ስሙ ሳይጎድፍ አድጎ ሐማድ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ክፍል ይሠራል። ተረኛ ባይሆንም አለቃውን ለምኖ፣ አስከሬናቸውን ወደ አገር ቤት በሚወስደው አውሮፕላን ላይ የጫነው እሱ ነው። እያለቀሰ ነበር፤ እኔም አልቻልኩም።

ባለቤታቸው አቶ አንተነህ፣ ልጃቸው ቤዛዊትና ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ማርያማዊት ቀርተናል። ያስፈቷቸውን ልጆች አምላክ ይቁጠራቸው። አቤቱ ጌታ ሆይ፣ እህቴን እናውቃቸዋለን፤ ደጅህ ላይ የተያዘ ልጅ ካዩ ትተውት አይገቡምና አብረህ አስገባቸው። አሜን።