ኮፍያህን አውልቅ ያሉኝ ቀን

ለውድ እህቴ ለሜርል፣

ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? የእማማ ጉልበትስ ተሻላት? አባባ ከአገዳ ቆረጣው ሲመለስ አሁንም በረንዳው ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ይለክፋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። የባርቤዶስ ባሕርና አንቺ የምትጠብሺው ዓሣ ግን በሕልሜ ሳይቀር ይመጡብኛል።

እዚህ ያለው የአውራጃው የክሪኬት ቡድን የቀጠረኝ ለአንድ በጋ፣ ለሙከራ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ካልተሳካልኝ ተመልሼ ስኳር ፋብሪካ መግባቴ ነው፤ አባባም «ድሮስ ኳስ ወርውሮ ያደረ ማን አለ?» እያለ ዕድሜ ልኬን ሊስቅብኝ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ በመጀመሪያው ወር ተስፋ ቆርጬ ነበር። እንደ ሰፈራችን ደረቅ መሬት ኳሷን ከሩቅ አንጥሬ ወደ መቺው ደረት ልሰዳት ስል፣ እርጥቡ ሣር ላይ ትሞትና መቺዎቹ እየሳቁ ይመቱብኛል።

እዚህ ኳስ ወርዋሪ ተራው ሲደርስ ሹራቡን አውልቆ የሚያስይዘው ዳኛውን ነው። እኔ ሦስት ደርቤ ነበርና አንድ በአንድ ሳስታቅፋቸው፣ ሽማግሌው ዳኛ «አንተ ልጅ፣ ቁም ሣጥን መሰልኩህ እንዴ?» አሉኝ። ዳኛ ተጫዋች መምከር አይገባውም፤ እሳቸው ግን ሹራቦቼን ሲመልሱልኝ ቀስ ብለው «ኳሷን ወደ መቺው እግር ጠጋ አድርጋት፣ የቀረውን ለሣሩ ተወው» አሉኝ። ሰማኋቸው። ከዚያ ወዲህ በውርወራዬ እያሸነፍኩ ስልሳ ሁለት መቺ ከሜዳ አስወጥቻለሁ።

ትናንት ከምሳ በፊት አምበላችን ሮጀር ቡድኑን በሙሉ በተመልካቹ ፊት ሰበሰበና «ኤርስኪን፣ ኮፍያህን አውልቀህ ስጠኝ» አለኝ። ክው አልኩ። አጎታችንን ከፋብሪካው ያባረሩት ቀን መጀመሪያ የተቀበሉት ኮፍያውን እንደነበር ታስታውሻለሽ። ምን አጠፋሁ እያልኩ ሰጠሁትና አንገቴን ደፍቼ ወደ መልበሻ ክፍሉ መሄድ ጀመርኩ። ሰዉ ሲያጨበጭብ ደግሞ የሽኝት መስሎኝ ባሰብኝ።

ሮጀር ሮጦ ደረሰብኝና «የት ነው የምትሄደው አንተ ጅል? ጭንቅላትህን አምጣ» ብሎ ከኪሱ አዲስ ኮፍያ አውጥቶ አጠለቀልኝ። የአውራጃው ምልክት አለበት፤ እሱን የሚያደርገው በሜዳ ላይ ያስመሰከረ ብቻ ነው። ለሦስት ዓመትም አስፈርመውኛል። ሽማግሌው ዳኛ ሹራቤን እንዳቀፉ «አሁንስ ብርዱ ለቀቀህ?» አሉኝ። ደስታው አስለቀሰኝ፣ አላፈርኩምም።

እማማን ጉልበቷን ስመሽ ሰላም በይልኝ። አክስቴ ኢኔዝን ጸሎቷ እንደደረሰልኝ ንገሪያት። አባባን ደግሞ ኳስ ወርውሮ የሚያድር ሰው ተገኝቷል በይው፤ መንገደኛውን ሁሉ እያስቆመ እንደሚያወራው አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እዚህ ኮፍያ እንዳይቀያየር ከውስጡ ስም ይጻፍበታል። እኔ ከስሜ ሥር ያንቺንም ጻፍኩ። ሮጀር አይቶ ማን ናት ቢለኝ፣ ጓሯችን ውስጥ በኮኮናት ዝንጣፊ ኳሴን ስትመታብኝ ያደገች፣ እስከ ዛሬ አንዴም ላስወጣት ያልቻልኩ መቺ ናት አልኩት።

ወንድምሽ ኤርስኪን
ቶንተን፣ እንግሊዝ
ኦገስት 21 ቀን 1974